የጠፋው አርባ ሰከንድ

ጆሮ ነው የሚሏት። ወላጆቿ ያወጡላት ስም አለ፤ በሥራ ቦታ ግን የሚያስታውሰው የለም። አንባቢ በሁለት ቃላት መሃል ምራቁን ሲውጥ ትሰማለች። ከላይኛው ፎቅ ውሃ ሲከፈት የትኛው ቧንቧ እንደሆነ ትለያለች። የሰው ድምፅ ሰምታ ቁርስ መብላት አለመብላቱን ትናገራለች፤ ብዙ ጊዜም አትሳሳትም። ዐሥራ ሰባት ዓመት ሙሉ የሰው ድምፅ ስትቆርጥና ስትቀጥል ኖራለች። ታዲያ ይህቺው ሴት የገዛ ታናሽ እህቷ ሦስት ዓመት ስትደበደብ አልሰማችም። ሰፈሩ በሙሉ ያውቅ ነበር። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ሲባል ቀልድ ይመስላት ነበር።

እህቷ ልብስ ሰፊ ናት። ባሏ ደግሞ በያጅ ነው፤ የሰፈሩን የብረት በር በሙሉ የሠራ፣ ለአሮጊት ዕቃ የሚሸከም፣ ልጅ ባየ ቁጥር ከኪሱ ከረሜላ የሚያወጣ፣ በምላሱ ጤፍ የሚቆላ ሰው። ጆሮ ቤታቸው ስትሄድ ከመቀመጫው ተነስቶ «እትዬ፣ እንዴት ዋሉ?» እያለ ነበር የሚቀበላት። እህትየው እጇ ተሰብሮ ሆስፒታል ስትሄድ «ከደረጃ ወድቄ ነው» አለች፤ በወረቀቱም ላይ እንደዚያው ተጻፈ። በኋላ አንጀቷ ቆርጦ ስትከስሰው ያቺው ወረቀት ለእሱ ጠበቃ የሠርግ ስጦታ ሆነችለት። ሰውየው በዋስ ተለቀቀ። ዳኛዋም ባለፈው ቀጠሮ ቁርጡን ተናገሩ፤ በሚቀጥለው ማስረጃ ካልቀረበ መዝገቡ ይዘጋል። ቀጠሮው ዛሬ ስምንት ሰዓት ነው።

ማስረጃው አንዲት የጥፍር ቁራጭ የምታህል ሚሞሪ ካርድ ናት። እህትየው እጇ በተሰበረ ቀን ስልኳን የክር መሳቢያ ውስጥ ከፍታ ትታው ነበር። ባልየው በኋላ ስልኩን አግኝቶ በመዶሻ አደቀቀው፤ ካርዷ ግን ተስፈንጥራ ከጨርቅ ቁርጥራጭ ጋር ተጠረገችና በቆሻሻ መጣያው ውስጥ ተረፈች። ዐሥራ አንድ ደቂቃ ከሃያ ሰከንድ ይዛለች። ችግሩ የስፌት ማሽኑ ሞተር ከቆርቆሮው ላይ ከሚወርደው ዝናብ ጋር ተደባልቆ ንግግሩን መዋጡ ነው። ዓቃቤ ሕጉም በዚያው ባለፈው ችሎት ተነስቶ፣ ሰውየው እዚያው ቁጭ ብሎ እየሰማ፣ «ቀረጻ አለን፤ የተበዳይ ታላቅ እህት የድምፅ ባለሙያ ስለሆነች እያጠራችው ነው» አለ። ጆሮ ያን ጊዜ በሆዷ፣ ምነው አፍህን ቁርጥማት በያዘልኝ ብላለች።

ስቱዲዮው ሦስተኛ ፎቅ ላይ ያለ አንድ ክፍል ነው። የቀን ብርሃን የሚያስገባ ቀዳዳ የለውም። ግድግዳው በስፖንጅና በእንቁላል ካርቶን ተሸፍኗል፤ በሩ የሁለት በር ውፍረት አለው። ጥግ ላይ ማይክ ቆሟል፤ ከማይኩ ሁለት እርምጃ ወዲህ የጆሮ ጠረጴዛ አለ። ስፖንጁን በእጇ የለጠፈችው እሷ ናት። ከውጭ የዝንብ ድምፅ አይገባም፤ ከውስጥም ትንፋሽ አይወጣም። እንግዳ ሲመጣ በሩን ዘግታ «እዚህ ውስጥ ብትታረድ እንኳ የሚሰማህ የለም» እያለች ትቀልድ ነበር።

የምትሠራበት ፕሮግራም ደግሞ አንድ ክፉ ዐመል አለው። ሁለት ድምፅ በሁለት መስኮት ከተከፈተ፣ በአንደኛው ላይ ሰማያዊ ቀብተሽ የመረጥሽው ቦታ ወደ ሌላኛው ስትዞሪም ሰማያዊነቱ አይለቅም። ሁለቱም ሰማያዊ ሆነው ቁጭ ይላሉ። ታዲያ ዲሊት ሲጫኑ የሚጠፋው የቱ ነው? ፊት ለፊት ያለው ይመስላል። አይደለም። የሚጠፋው መጨረሻ ላይ መሃሉን በማውስ የነኩት ነው። አንዱን መስኮት ስሙ የተጻፈበት ጠርዝ ላይ ይዘው ወደ ፊት ቢጎትቱት መጥቶ ይገተራል እንጂ ትእዛዝ አይቀበልም፤ ትእዛዙ ከኋላ ለተደበቀው ይሄዳል። እንደ አንዳንድ ባል ነው፤ ዓይኑ አንቺ ላይ፣ ልቡ ሌላ ቤት።

ሙያውን ያስተማሯት ሽማግሌ መቀስ ይባሉ ነበር። ቴፕ በምላጭ እየቆረጡ ያረጁ ሰው ናቸው። ይህን ፕሮግራም መጀመሪያ ያዩት ጊዜ ራሳቸውን ነቀነቁ። «በእኛ ጊዜ የያዝሽውን ነበር የምትቆርጪው። ይሄ ግን ሌላ አሳይቶሽ ሌላ ይቆርጣል። ስለዚህ ልጄ፣ መጀመሪያ ገልብጪ፣ ከዚያ ንኪ።» ዐሥራ ሰባት ዓመት ይህን ቃል ጠብቃለች። የማንም ተራ ማስታወቂያ ሳይቀር መጀመሪያ ይገለበጣል፣ ከዚያ ይነካል።

ዛሬ ግን አልገለበጠችም። ምክንያቷ ሞኝነት ነው፣ ግን የምታፍርበት ሞኝነት አይደለም፤ ተጸየፈችው። የዚያ ሰው ድምፅ በኮምፒውተሯ ውስጥ እንዲያድር አልፈለገችም። ካርዷን ሰክታ እዚያው ካርዷ ላይ ልታጠራው፣ ነቅላ ልትሰጥና ልትገላገል አሰበች።

ጠዋት ሁለት ተኩል ላይ ሄድፎኗን አጠለቀች። መጀመሪያ የማሽኑ ሞተር፣ ከዚያ በር፣ ከዚያ ያ «እትዬ» የሚላት ድምፅ።

«ማን ጋ ነው የደወልሽው?»

«ደንበኛ ናት፤ ቀሚሷ እንዲጠብ...»

ጥፊ። ጆሮ ጥፊ ታውቃለች፤ ለድራማ በእርጥብ ፎጣ ስንቱን ጥፊ ሠርታለች። እውነተኛው እንደዚያ አይጮህም። አጭርና ደረቅ ነው፤ የሚያስፈራው ከኋላው የሚመጣው ዝምታ ነው። ከዚያ ወንበር ወደቀ። ከዚያ ጫማ፣ ለስላሳ ነገር ላይ። አንድ፣ ሁለት፣ እስከ ስድስት ቆጠረች። በየመሃሉ ሰውየው ልክ ሥራ ላይ እንዳለ ሰው ይተነፍስ ነበር። ሰባተኛው ደቂቃ ላይ ድምፁ ለሰለሰ።

«እጅሽን አምጪ። በየትኛው ነው የምትደውዪው? በዚህ?»

«ተው። ተው በናትህ፣ የምሠራበት ነው...»

ከዚያ አጥንቱ። ከዚያ ለጥቂት ጊዜ የሰው የማይመስል ጩኸት፤ በላዩ ላይ ደግሞ የእሱ የተረጋጋ ንግግር፦ «ለሰው ትንፍሽ ብትዪ እገድልሻለሁ። የብረት ሳጥን ሠርቼ፣ ከነነፍስሽ ውስጡ አስገብቼ፣ ዙሪያውን በይጄ ነው የምቀብርሽ። ሰማሽ?»

ከ«እጅሽን አምጪ» በኋላ ያለው ይህ ሁሉ አርባ ሰከንድ ነው። የቀረው ለቅሶ ነው።

ጆሮ የወረቀት ቅርጫቱን ስባ አስመለሰች። አፏን ጠርጋ ተመለሰችና ሥራዋን ያዘች። የሞተሩን ድምፅ ነቅላ አወጣች፤ ዝናቡን አሳነሰች። አርባዋን ሰከንድ ሰማያዊ ቀብታ ንግግሩን ከፍ አደረገች። አንድ በአንድ ይሰማ ጀመር። ሥራው እንደዛሬ አምሮላት አያውቅም።

በሩ ተከፈተ። የስቱዲዮው ባለቤት ነው፤ ቶሎቶሎ ይሉታል። ቤት ቢቃጠል «ውሃ አምጡ» ከማለቱ በፊት «ቶሎ» የሚል ሰው ነው።

«የፍራሹ ማስታወቂያ! ሰዎቹ ስልክ ላይ ናቸው! ቶሎ በይ እንጂ፣ አንዲት ትንፋሽ ለመቁረጥ ስንት ቀን ነው?»

የፍራሹ ማስታወቂያ ከትናንት ጀምሮ በሌላ መስኮት ተከፍቶ ነበር። የቀረችው አንዲት ትንፋሽ ናት፤ እሷም ተመርጣ፣ ሰማያዊ ተቀብታ መቆረጧን ትጠብቃለች። ጆሮ ጠርዙን ይዛ መስኮቱን ወደ ፊት ጎተተችው። ዲሊት፤ ሴቭ። ሁለት ጣት፣ የአንድ ቅጽበት ሥራ። ስታጫውተው ትንፋሿ እንዳለች ነው። «በደንብ አልተጫንኩትም» አለች፤ መሃሉን ነክታ እንደገና መረጠች፣ አጠፋች፣ ላከች። ሁሉንም ዘጋች። ፕሮግራሙ ለውጡ ይቀመጥ ወይ ብሎ ጠየቀ። አዎ አለች። ቶሎቶሎም «ጎሽ» ብሎ ወጣ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል፤ እሷ ግን የምትለቅመው እንኳ አልተረፈላትም።

ለፍርድ ቤት በፍላሽ ልትገለብጠው የካርዷን ቀረጻ ስትከፍት ርዝመቱ ዐሥር ደቂቃ ከአርባ ሰከንድ ይላል። መጀመሪያ በደንብ ያላየች መሰላት። ከዚያ አጫወተችው። «እጅሽን አምጪ» ይላል ሰውየው፣ ወዲያው ለቅሶ ይከተላል። እጅ ሳይሰበር ታለቅሳለች። አጥንቱ የለም። ሳጥኑ የለም። «እገድልሻለሁ» የለም።

ክው አለች። ወደ ኋላ መመለሻውን ተጫነች፤ መስኮቱ አንዴ ተዘግቷልና የሚመለስ ነገር የለም። ካርዷን ነቅላ ሰካች። በየማህደሩ ፈለገች። በመጨረሻ ግንባሯን በመዳፏ ትመታ ጀመር፤ አንዴ፣ ሁለቴ፣ ልክ እንደ ሰውየው እየተነፈሰች። እህቷን ሦስት ዓመት አልሰማቻትም፤ ዛሬ ደግሞ የሰማችውን በገዛ እጇ አጠፋችው። ከሁለቱ የቱ እንደሚብስ አላወቀችም።

ስልኳ ጠራ። «እትዬ፣ ደረሰልሽ?» አለች ታናሽየዋ። ፍርድ ቤቱ ደጃፍ ላይ ከአሁኑ ተቀምጣለች፤ ከጀርባዋ የሰው ጫጫታ ይሰማል። «ዓቃቤ ሕጉ ምን አለኝ መሰለሽ? ያቺ አርባ ሰከንድ ብቻ ትበቃናለች፤ ያለ እሷ ግን የቀረው ዋጋ የለውም አለ።»

«ደርሷል» አለች ጆሮ።

«እውነትሽን ነው? የኔ እናት! ዛሬ ለመጀመሪያ ጊዜ ነው እንቅልፍ የተኛሁት።»

ጆሮ ስልኩን ዘጋችና ቁጭ አለች።

ነጎድጓድ መጣ። ነጎድጓድ የማስታወቂያ አንባቢው ነው፤ ድምፁ ግድግዳ ይሰነጥቃል፣ እሱ ግን በረሮ ሲያይ ወንበር ላይ የሚወጣ ሰው ነው። ቶሎቶሎ የፍራሹ ቤት ስልክ ቁጥር ተሳስቷል ብሎ ልኮት ነው። ጆሮ እንደ እንቅልፋም የማስታወቂያውን መስኮት ከፈተች፤ ማይኩን ለቀረጻ አሰናዳች። የካርዷ መስኮትም አጠገቡ ተከፍቷል። ነጎድጓድ ፊቷን አየና አላነበበም።

«ምነው፣ ሰው ሞተብሽ እንዴ?»

ነገረችው። ጥቂት አሰበና «በባዶ ሆድ መላ አይመጣም፤ ቆይ ትኩስ ሻይ ላምጣልሽ» ብሎ ወጣ። ደረጃው ላይ ትከሻው የሰፋ፣ ፈገግ ያለ ሰው አገኘ። ስቱዲዮው የቱ ጋ ነው ሲለው በዚያ ድምፁ «ሦስተኛ ፎቅ፣ ወፍራሙ በር፤ ይግቡ ይግቡ!» ብሎ ራሱ መራው። ለዚህ በኋላም ራሱን ይቅር አላለም።

በያጁ ገብቶ በሩን በእርጋታ ዘጋው። እጀታውንም አዙሮ ቆለፈው። ከዚያ ስፖንጁን፣ ካርቶኑን፣ የበሩን ውፍረት ልክ እንደ ባለሙያ እየዳሰሰ አየ።

«እትዬ፣ እንዴት ዋሉ? ጥሩ ቤት ነው። ድምፅ አያስወጣም አይደል?»

«ምን ፈለግህ?»

«ያቺን ነገር ይስጡኝ። የቤተሰብ ገመና ዳኛ ፊት አይዘረገፍም።»

«የለም። ጠፍቷል። እኔው ራሴ አጥፍቼዋለሁ።»

እውነቷን ነበር። ሰውየው ሳቀ። ከዚያ ጥፊው መጣ፣ አጭርና ደረቅ። አንቱታውም በዚያው ጥፊ ረገፈ።

«ልጅ መሰልኩሽ? አንቺ ሴትዮ፣ ልጅ መሰልኩሽ?»

ከነወንበሯ ወደቀች። ጫማው ጎኗን አገኘው። ጮኸች፤ ጩኸቷን ራሷ የለጠፈችው ስፖንጅ ዋጠው። አንዴ ደገማት፣ ሦስተኛው ትንፋሿን ይዞት ሄደ። በፀጉሯ ጎትቶ አስነሳትና ጠረጴዛው ላይ ጣላት። ጥርሷ ከንፈሯን በስቶት ደሙ በአገጯ ወረደ። ገና ጠዋት በሄድፎን የሰማችው ትንፋሽ አሁን አንገቷ ላይ ይሞቃል። ፈርታለች። እንደዚህ ፈርታ አታውቅም። ከፍርሃቱ ሥር ግን እህቷ ሦስት ዓመት ሙሉ እዚህ ቦታ እንደኖረች ገባት።

«አጥፊው» አለ ሰውየው። «ዓይኔ እያየ አጥፊው።»

ዓይኔ እያየ አለ። የጆሮ ሐሳብ እዚያች ቃል ላይ ቆመ። ይህ ሰው ብረት ያውቃል፤ መስኮት አያውቅም። ዓይኑ የሚያየውን ያምናል፤ እሷም ጠዋት እንደዚያው አምና ነው ጉድ የሆነችው።

«እሺ። አትምታኝ። ልቀመጥ።»

ተቀመጠች። ከአገጯ ደም ኪቦርዱ ላይ ጠብ ይላል። በማውሱ የማስታወቂያውን መስኮት መሃሉን ነካች፤ የቀረጻውን ቁልፍ ተጫነች። ጥግ ላይ የምስር ፍሬ የምታህል ቀይ ነጥብ በራች። ወዲያው የካርዷን መስኮት ሰፋ አድርጋ ከላይ ጣለችበትና መሃሏን ነካች። ነጥቧ ተሸፈነች። ከዚህ በኋላ ኪቦርዱ የሚታዘዘው ለካርዷ መስኮት ነው፤ ለሞተው መስኮት። ከኋላ ያለውን ማንም አይነካውም። ሁለት እርምጃ ርቆ የቆመው ማይክ ዝም ብሎ ይሰማል።

«ምንድን ነው የምትነካኪው?»

«እየከፈትኩት ነው። የቱን ላጥፋ?»

«ሁሉንም!»

«ሁሉንም ካጠፋሁ ሆን ተብሎ መጥፋቱ ይታወቃል፤ ደግሞ አንተን ነው የሚጠረጥሩት» አለች። «የሚጎዳህን ብቻ ንገረኝ፤ እሱን እቆርጣለሁ። ዐሥራ አንድ ደቂቃ ነው፣ ሳትነግረኝ አላገኘውም።»

ሰውየው አሰበ። ነገሩ ሙያ ሙያ ሸተተው፤ ሙያ ደግሞ ያከብራል።

«እጇን የሰበርኩበትን።»

«የቀኝ እጇን?»

«ቀኙን። ሌላ ስንት እጅ ሰብሬያለሁ?»

«ሌላስ?»

«እገድልሻለሁ ያልኳትን። ሳጥን ውስጥ ከነነፍስሽ በይጄ እቀብርሻለሁ ያልኩትን።» ጎንበስ ብሎ ወደ ጆሮዋ ተጠጋ። «ለቀልድ አልነበረም። ሳጥኑን ሠርቼዋለሁ፤ ሱቄ ጓሮ ተቀምጧል። መዝገቡ ይዘጋ ብቻ። ለአንቺም ቦታ አይጠፋም።»

ጆሮ ሳጥኑን በዓይነ ሕሊናዋ አየችው። ከቀረው ቀረጻ ላይ ንግግር የሚመስል ቦታ ፈልጋ ሰማያዊ ቀባች። «ይኸው፣ እዚህ ነው።»

«አሰሚኝ።»

ማጫወቻውን አልነካችም። ቢሰማ የለም፤ የሌለ ነገር ሊሰርዝ መምጣቱ ይገባዋል። መዘግየቷ አናደደው። ጭንቅላቷን ከኋላ ይዞ ፊቷን ኪቦርዱ ላይ ደፋው፤ አነሳ፣ ደግሞ ደፋው። ጉንጯ የጨፈለቃቸው ፊደሎች በሙሉ ሄደው የሞተውን መስኮት ደበደቡ። ከኋላ ቀይዋ ነጥብ ምንም አልነካትም። ከቁልፎቹ አንዱ የማጫወቻው ነበርና ድምፅ ማጉያው በድንገት ተከፈተ፤ ክፍሉ በታናሽየዋ ለቅሶ ተሞላ።

ሰውየው እጁን ሳያነሳ አዳመጠ። «እስካሁን ታለቅሳለች እንዴ?» አለና ሳቀ። «በቃ፣ አጥፊ።»

አጠፋች። ሰማያዊው ቦታ ከነድምፁ ከዓይኑ ፊት ጠፋ። ሴቭ አደረገች። ሰውየው በረጅሙ ተነፈሰ። ካርዷን ነቀላት፤ ከኋላ ኪሱ ፒንሳ አውጥቶ ለሁለት ሰበራት፣ አራት አደረጋት። ፒንሳውን ወደ ኪሱ ከመመለሱ በፊት ትንሿን ጣቷን ይዞ በመንገጭላው መሃል አስገባት። «ይሄ ለመዘግየትሽ» አለ። የአጥንቱን ድምፅ ጆሮ አወቀችው፤ ጠዋት ሰምታዋለች። ከወንበሩ ወርዳ ወለሉ ላይ ተቀመጠች።

ሰውየው ግን አልረካም። ስክሪኑን በሁለት እጁ አንስቶ ወለሉ ላይ ከሰከሰው። መስታወቱ ረገፈ። ለእሱ ኮምፒውተር ማለት መስታወቱ ነበር፤ ከጠረጴዛው ሥር ያለው ጥቁር ሣጥን ሥራውን ቀጥሏል። በመጨረሻ ጎንበስ ብሎ፣ መዳፉን እንደ ማንኪያ አጉድጉዶ ግራ ጆሮዋን አጮላት። ጭው አለ። አፉ ሲንቀሳቀስ ታያለች፤ የሚናገረው ከጉድጓድ እንደሚመጣ በቀኟ በኩል ብቻ ደረሳት።

«እትዬ፣ ደህና ይዋሉ» ነበር ያለው። በሩን ከፍቶ ወጣ።

ነጎድጓድ ሁለት ብርጭቆ ሻይ ይዞ ሲገባ ሻዩም ብርጭቆውም ከእጁ አመለጡ። ቶሎቶሎም ድምፁን ሰምቶ ሮጦ መጣ። ጆሮ ከወለሉ ላይ ጣቷ የተሰበረውን እጇን ወደ ላይ ዘርግታ ጮኸችባቸው።

«እንዳትነኩ! ኪቦርዱን እንዳትነኩ! አንዲት ፊደል እንዳትነኩ!»

«ሐኪም ቤት እንውሰድሽ...» አለ ነጎድጓድ እያለቀሰ።

«ስክሪን! ካንተ ቢሮ ስክሪኑን ነቅለህ አምጣ! ቶሎ!»

ቶሎቶሎ በዕድሜው ሙሉ ለሰው ሲሰጥ የኖረውን ቃል ለመጀመሪያ ጊዜ ተቀበለ፤ በረረ። ስክሪኑን ከነአቧራው ተሸክሞ መጣና ሰካው። ሲበራ የካርዷ መስኮት ባዶዋን ፊት ለፊት ተደንቅራለች። ጆሮ በግራ እጇ ማውሱን ይዛ መስኮቷን ገለል አደረገቻት። ከሥሯ ቀይዋ ነጥብ አለች፤ ሃያ ሦስት ደቂቃ ትላለች። የማስታወቂያውን መስኮት መሃሉን ነካች። ሰማያዊውን አየች። የማን ሰማያዊ እንደሆነ ደግማ አየች። ከዚያ አቆመችው፣ አስቀመጠችው። ሌላ ምንም ሳትነካ ገለበጠችው፤ አንዱን በፍላሽ፣ አንዱን በነጎድጓድ ስልክ፣ አንዱን በቶሎቶሎ ኮምፒውተር። የመቀስ ቃል በዚያ ሰዓት መጣባትና ዕንባዋ ወረደ።

ችሎቱ ስምንት ሰዓት ከዐሥር ተጀመረ። ጆሮ ፊቷን ሳትታጠብ ነው የገባችው፤ ነጎድጓድ ይታይ ብሎ ከለከላት። በያጁ የተተኮሰ ሸሚዝ ለብሶ ከጠበቃው አጠገብ ተቀምጧል። ታናሽየዋ የታላቋን ፊት ስታይ የታሰረ እጇን አፏ ላይ አደረገች።

ድምፁ ተከፈተ። ዳኛዋ እስክሪብቶአቸውን አስቀመጡ። «እጇን የሰበርኩበትን» ይላል ሰውየው። «ቀኙን። ሌላ ስንት እጅ ሰብሬያለሁ?» ይላል። ሳጥኑን ይናገራል፤ የት እንደተቀመጠ ሳይቀር። የፒንሳው ሰዓት ሲደርስ በአዳራሹ ውስጥ አንድ ሰው «ኧረ በሕግ!» አለ። በያጁ መጀመሪያ ፈገግታው ደረቀ፤ ከዚያ ተስፈንጥሮ ተነሳ።

«ውሸት ነው! ዓይኔ እያየ ነው ያጠፋችው! በእጄ ነው የሰበርኩት!» ብሎ ጮኸ። ጠበቃው በሁለት እጁ ፊቱን ሸፈነ።

ዋስትናው እዚያው ተነሳ። ፖሊስ በካቴና ይዞት ሲወጣ ሌሎች ሁለት ፖሊሶች ሳጥኑን ፍለጋ ወደ ሱቁ ሄዱ፤ እሱ እንዳለውም ጓሮ አገኙት።

እህትማማቾቹ ደረጃው ላይ ተቀመጡ። ነጎድጓድ መኪና ሊጠራ ሄዷል። ታናሽየዋ ከታላቋ በስተግራ ተጠግታ፣ በደህና እጇ የታላቋን ደም ከአንገቷ ላይ በሻርፗ ጫፍ ትጠርጋለች። ጆሮ ደረጃውን እያየች ተናገረች።

«ያንቺን እኔ ነኝ ያጠፋሁት። አርባዋን ሰከንድ። እሱ ከመምጣቱ በፊት። ሌላ መስኮት መስሎኝ ተጫንኩና አጠፋሁት፤ ስትደውዪ ደርሷል ያልኩሽ ውሸቴን ነው። ሦስት ዓመትም አልሰማሁሽም። ይቅር በዪኝ።»

መልስ ጠበቀች። መልስ አልመጣም። ፈርታ ቀና ስትል የታናሽየዋ ከንፈር ይንቀሳቀስ ነበር። ስታወራ ቆይታለች ማለት ነው። ረጅም ነገር ተናግራለች፤ ፊቷ በዕንባ ርሷል። ጆሮ አንዲቷን ቃል አልሰማችም።

«ምን አልሽኝ?» አለቻት።

ታናሽየዋ የታላቋን ግራ ጆሮ አየችው። ውስጡ የደረቀ ደም አለ። ሐኪም በኋላ የሚናገረውን እሷ እዚያው ደረጃ ላይ አወቀችው። ያለችውን አልደገመችም። ተነሳች፣ በፊቷ ዞራ በስተቀኝ ተቀመጠችና ትከሻዋን አቀፈቻት።

«እትዬ» አለቻት፣ «ምሳ ሳትበዪ ነው አይደል የዋልሽው?»